የሙከራ ጁሪ በትንሽ ቢሮ አቅም፦ ክሳችሁን ከችሎት በፊት እንዴት እንደምትፈትኑ

«ጋሼ፣ ይሄ ሞክ ጁሪ የሚሉት ነገር የትልልቅ ቢሮዎች ብቻ ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የራሳቸውን ቢሮ የከፈቱ ወጣት ጠበቆች ይህን ሳይጠይቁኝ የሚያልፍ ወር የለም። በስልክ አንድ በአንድ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት ነኝ። ወንበር የምደረድረው፣ ቅጽ የማትመው፣ ካሜራውን የማበራው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በዚያ በኩል ያየሁትን ነው።

ጁሪ የሚባሉት አሜሪካ ውስጥ ክርክሩን ሰምተው የሚፈርዱት ተራ ዜጎች ናቸው። የሙከራ ጁሪ (ሞክ ጁሪ) ማለት ጉዳያችሁን ጨርሶ ለማያውቁ ሰዎች የሁለቱንም ወገን ክርክር አሳጥሮ ማሰማት፣ ከዚያ በር ዘግተው ሲከራከሩ ማየት ነው። «እንደማሸንፍ ይነግረኛል» ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የሚነግራችሁ ታሪካችሁ የት ላይ እንደሚሰበር ነው። አገር ቤት ሕግ ተምራችሁ የመጣችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ እዚያ የሚሰማችሁ ዳኛ ነው፤ አንቀጽ ስትጠቅሱ ይገባዋል። እዚህ የሚሰማችሁ የአውቶቡስ ሹፌርና የጥርስ ሐኪም ረዳት ናቸው።

እንዲገባችሁ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደንበኛችሁ ታክሲ የሚነዳ አበሻ ነው እንበል። ሜሪላንድ ውስጥ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ የጭነት መኪና መታው። እንግሊዝኛው ለመንገድ ይበቃል፤ ለችሎት ግን በአስተርጓሚ ነው የሚመሰክረው።

መቼ ይደረግ? ዲፖዚሽኑ (ከችሎት በፊት በመሐላ የሚሰጠው ቃል) ካለቀ በኋላ፣ ችሎቱ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው። ከዚያ በፊት ከሆነ ማስረጃው ገና አልተሟላም። በመጨረሻው ሳምንት ከሆነ ደግሞ ስህተቱን ታያላችሁ እንጂ ለማረም ጊዜ የላችሁም። የሴትልመንት (ያለ ፍርድ የመስማማት) ድርድር የሚጠብቃችሁ ከሆነ ከድርድሩ በፊት አድርጉት።

የሚያስፈልጋችሁ

• 14 ሰው ጠርታችሁ 12 እንዲመጡ መዘጋጀት (ሁሌም የሚቀር አለ)
• ሦስት ክፍል፦ አንድ ሁሉንም የሚይዝ፣ በር ያላቸው ሁለት ትናንሽ ክፍሎች
• ለእያንዳንዱ ትንሽ ክፍል አንድ ካሜራና አንድ ድምፅ መቅጃ። ስልክም ይሆናል፤ ባትሪውን ግን እዩ
• የምስጢር መጠበቂያና የቀረጻ ፈቃድ ቅጽ
• ሦስት ዓይነት መጠይቅ፦ የመግቢያ፣ የመሐል፣ የመጨረሻ
• የጁሪ መመሪያና የውሳኔ ቅጽ
• እናንተን ሆኖ የሚከራከር አንድ ሰው፣ ተቃራኒውን ወገን የሚይዝ ሌላ ሰው
• አስተርጓሚ፣ ምስክሩ በአማርኛ የሚናገር ከሆነ
• ምሳ፣ ቡና፣ በፖስታ የታሸገ ክፍያ

ክፍያው ብዙ ያከራክራል። እኔ ለስድስት ሰዓት 120 ዶላር እሰጣለሁ። 14 ሰው 1,680 ዶላር ነው፤ ምሳና ክፍል ይጨመርበታል። በነጻ የሚመጣ ሰው ውለታ የሚውልላችሁ ሰው ነው። ውለታ የሚውል ሰው ደግሞ አያስቀይማችሁም፤ እናንተ የምትፈልጉት የሚያስቀይማችሁን ነው።

ደረጃ 1፦ ልትፈትኑት የምትፈልጉትን ጥያቄ ጻፉ

ከሦስት አይብለጥ። «ጉዳዬ እንዴት ነው?» ጥያቄ አይደለም። «ደንበኛዬ ፍጥነት ጨምሯል ብለው ያምናሉ?» ጥያቄ ነው። «ከአደጋው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሐኪም ዘንድ መሄዱን እንዴት ያዩታል?» ይህም ጥያቄ ነው። ጥያቄው ካልተጻፈ ቀኑ ሙሉ ወሬ ሆኖ ያልፋል። ማታ ቁጭ ስትሉ የምትይዙት ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ መመሪያውንና የውሳኔ ቅጹን አዘጋጁ

እውነተኛው ጁሪ የሚነበብለትን መመሪያ ተጠቀሙ። ክፍለ ግዛቶች የታተመ የጁሪ መመሪያ አላቸው፤ ሜሪላንድም አላት፣ የካሊፎርኒያው በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከራሳችሁ አሳምራችሁ አትጻፉ። ሰዎቹ የሚሰናከሉት በዚያው በደረቁ ቃል ላይ ስለሆነ ያንኑ ማየት አለባችሁ።

በተለይ እኛ አካባቢ አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከሳሹ ራሱ ለአደጋው ትንሽም ጥፋት ካለበት ምንም አያገኝም የሚለውን የድሮ ደንብ ከያዙት ጥቂት ቦታዎች ውስጥ ናቸው። (ዲሲ ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ ለየት ያለ ሕግ አላት።) የሙከራ ጁሪው «የጭነት መኪናው 95 በመቶ፣ ታክሲው 5 በመቶ ጥፋተኛ ነው» ብሎ በደስታ ቢነግራችሁ ተሸንፋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ የውሳኔ ቅጹ ላይ «ከሳሹ ለአደጋው አስተዋጽኦ ያደረገ ቸልተኝነት ነበረበት?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው ይቀመጥ።

ሁለት ነገር ግን አታስገቡ። ሜሪላንድ ለሥቃይና ለመሰል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ አለው፤ ጁሪው ይህን እንዲያውቅ አይደረግም። ስለ ኢንሹራንስም እንዲሁ ዝም በሉ። እነሱ ራሳቸው «ለነገሩ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ሲሉ አታርሟቸው፤ ማን እንዳለና ሌሎቹ ምን እንደመለሱ ብቻ መዝግቡ።

ደረጃ 3፦ ሰዎቹን ምረጡ

ቁጥሩን ከፍርድ ቤታችሁ ጋር አመሳስሉ። ሜሪላንድ የፍትሐ ብሔር ጁሪ 6 ሰው ነው፤ ውሳኔውም በመርህ ደረጃ በሙሉ ድምፅ ነው። ቨርጂኒያ በአብዛኛው 7 ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከ6 እስከ 12። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ 12 ሆኖ 9ኙ ከተስማሙ ይበቃል። በሙሉ ድምፅ በሚወሰንበት ቦታ አንድ እምቢ ባይ ሁሉን ያቆማል፤ በካሊፎርኒያው ግን ሦስት እምቢ ባዮችን ይዛችሁ ታሸንፋላችሁ። የምትፈልጉት ነገር ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ጉዳያችሁ ከ25,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ጁሪ ስለሌለ ይህን ሁሉ ድካም ተዉት።

12 ሰው ካገኛችሁ አንድ ቡድን አታድርጓቸው። ለሁለት ክፈሏቸው። ሁለቱም ቡድኖች አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ችግሩ ከጉዳያችሁ ነው። አንዱ ብቻ ከተሰናከለ ምናልባት አንድ ኃይለኛ ሰው ክፍሉን ይዞት ይሆናል።

ማን ይምጣ? ጁሪ መሆን የሚችል ሰው፦ የአሜሪካ ዜጋ፣ 18 ዓመት የሞላው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ። የአክስታችሁ ልጅ ግሪን ካርድ ላይ ከሆነ አይሆንም። ዜጋም ቢሆን አይሆንም፤ የአክስታችሁ ልጅ ነዋ! የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞችን ሰብስቦ የሞከረ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ሁሉም አለቀሱ፣ ሁሉም ፈረዱለት። ችሎት ላይ ግን አንድም የሚያለቅስ አልነበረም።

በየሥራ ማስታወቂያው ድረ ገጽ «ለአንድ ቀን የሐሳብ መስጫ ሥራ» ብላችሁ አውጡ። የጉዳዩን ዓይነት አትጻፉ። በመግቢያ መጠይቁ ላይ ጠበቃ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ ተከራካሪዎቹን የሚያውቅ፣ ወይም በቅርቡ የጁሪ መጥሪያ የደረሰው ካለ አስቀሩ። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። የሙከራ ሰዋችሁ እውነተኛው ጁሪ ውስጥ ከተቀመጠ ችሎቱ ሊፈርስ ይችላል። የሚሻለው ነዋሪዎቿ ከችሎቱ ካውንቲ ጋር ከሚመሳሰሉ ጎረቤት ካውንቲ መጥራት ነው።

ደረጃ 4፦ ከመጀመራችሁ በፊት አስፈርሙ

የምስጢር ስምምነቱን ማንም ሳይፈርም ወንበር አይያዝ። ለችሎት ዝግጅት የሠራችሁት ነገር ከተቃራኒ ወገን የተጠበቀ ነው፤ ሰዎቹ በየቦታው ካወሩት ግን ጥበቃው ይሳሳል። የቀረጻ ፈቃዱም የግድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ንግግር ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያና ዲሲ የአንዱ ይበቃል፤ እናንተ ግን የትም ቦታ የሁሉንም ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ ጠንካራውን ተከራካሪ ለተቃራኒው ወገን ስጡ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። በቢሮው ያለው ምርጥ ተናጋሪ የጭነት መኪናውን ኩባንያ ይያዝ። ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ራሱ ቢይዘው ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። የራሱን ድካም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደካማ ተቃራኒ አቁማችሁ ብታሸንፉ ከራሳችሁ ጥላ ጋር ታግላችሁ ጣላችሁት ማለት ነው።

ለሁለቱም እኩል ጊዜ ስጡ። 30 ደቂቃ ይበቃል፤ የመክፈቻ ንግግርና የክርክር ማቆሚያ ባንድ ላይ ተቀላቅሎ። ሰዎቹ ማን እንደጠራቸው ማወቅ የለባቸውም። ጠረጴዛ ላይ የቢሯችሁ አርማ ያለበት እስክሪብቶ እንኳ አትተዉ። ካወቁ፣ ከፋዩን ለማስደሰት ይሞክራሉ።

ደረጃ 6፦ ምስክሩን አሳዩ

የዲፖዚሽን ቪዲዮ ካላችሁ ከሁለቱም ወገን የተመረጠ አሥር አሥር ደቂቃ አሳዩ። ቪዲዮ ከሌለ አንድ ሰው ቃሉን ከጽሑፉ ላይ ያንብብ። ደንበኛውን ራሱን አምጥታችሁ ሰዎቹ ፊት አታማክሩት። በሦስተኛ ወገን ፊት ያወራችሁት ነገር የጠበቃና የደንበኛ ምስጢርነቱን ሊያጣ ይችላል።

ምስክሩ በአማርኛ የሚናገር ከሆነ እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ አጥፉ። በአስተርጓሚ የሚመጣ ቃል ለጁሪ እንዴት እንደሚሰማ እናንተ አታውቁትም፤ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምትሰሙ ጆሯችሁ ራሱ ያርመዋል። እኔ በዓይኔ ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

ሰዓት። ምስክሩ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር» ይላል። አስተርጓሚው ቃል በቃል ካደረገው ጁሪው የሚሰማው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የፖሊስ ሪፖርቱ ደግሞ 8:30 ይላል። በር ተዘግቶ ሲወያዩ አንዷ ሴት «በዚያ ሌሊት ምን ይሠራ ነበር? ጠጥቶ ይሆናል» ስትል ካሜራው ላይ ሰማኋት። ማንም አልጠጣም፤ የጠፋው ስድስት ሰዓት ነው።

«አዎ»። ጠበቃው «የጭነት መኪናውን አላየኸውም?» ብሎ ይጠይቃል። አበሻው «አዎ» ይላል፤ አላየሁትም ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ «አይቼዋለሁ» ሆኖ ይሰማል። አይቶት ካላቆመ ደግሞ ጥፋት አለበት፤ ደረጃ 2 ላይ ያልኩት ጉድጓድ ውስጥ ገባችሁ። መፍትሔው ምስክሩ በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲመልስ ማለማመድ ነው፦ «አላየሁትም»።

«ወንድሜ»። አብሮት የነበረው የአጎቱ ልጅ ነው። አንድ ቦታ «ወንድሜ» ብሎታል፤ ሌላ ቦታ ዝምድናውን በትክክል ተናግሯል። ለጁሪው ይህ ውሸታም ነው።

ዓይን መስበር። ከትልቅ ሰው ጋር ሲነጋገር መሬት መሬት ማየት ለእኛ ጨዋነት ነው። የሙከራ ጁሪው ግን መጠይቁ ላይ «የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ጻፈ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ እሺ ማለትም እንዲሁ፤ ደነገጠ ይሉታል።

እነዚህ ከወጡላችሁ ችሎት ላይ ጠበቃው አስቀድሞ በጥያቄ ያፍታታቸዋል። ለምሳሌ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በዚህ አገር?» ብሎ ይጠይቃል። አንዲት ጥያቄ ናት።

ደረጃ 7፦ ከውይይቱ በፊት ለየብቻቸው ይጻፉ

ከከሳሽ ንግግር በኋላ አንድ ገጽ፣ ከተከሳሽ በኋላ አንድ ገጽ፣ ከምስክሩ በኋላ አንድ ገጽ። «አሁን ወደ ማን ታደላላችሁ? ለምን?» ይበቃል። ሳይነጋገሩ ይጻፉ። ውይይት ከጀመሩ በኋላ አንድ ደፋር ሰው የአራቱን ሐሳብ ይውጠዋል፤ ኋላ ስትጠይቋቸው ሁሉም «ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ያሰብኩት» ይሏችኋል። ወረቀቱ ግን አይዋሽም።

ደረጃ 8፦ መመሪያውን አንብቡላቸው፣ ከክፍሉ ውጡ

ሰብሳቢያቸውን ራሳቸው ይምረጡ። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ስጧቸው። እናንተ በሌላ ክፍል በካሜራ ተከታተሉ። ሲሳሳቱ ገብታችሁ ለማረም እጃችሁ ይበላችኋል። ቁጭ በሉ። ስህተቱ ነው የገዛችሁት ዕቃ።

ሁለት ነገር ለይታችሁ አዳምጡ። አንደኛው፣ «መቶ በመቶ እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ሰው። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ላይ ሚዛኑ ትንሽ ወደ ከሳሽ ካጋደለ ይበቃል፤ ሰው ግን የወንጀሉን መለኪያ ከቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ ይህን ካሉ የክርክር ማቆሚያው ላይ ስለ ሚዛኑ ቀለል አድርጎ የሚያስረዳ አንቀጽ ያስፈልጋችኋል። ሁለተኛው፣ እናንተ ያላነሳችሁት ነገር። የእኛዎቹ አንድ ጊዜ «ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ) ለምን የለውም?» እያሉ ሃያ ደቂቃ ፈጁ። በጉዳዩ ውስጥ ዳሽካም የሚባል ቃል አልነበረም። ክፍት የተተወ ቦታ ካለ ጁሪ ራሱ ይሞላዋል።

ደረጃ 9፦ ጠይቋቸው፣ ግን አትከራከሯቸው

ጉዳዩን ያላቀረበ ሰው ይጠይቅ፤ አቅራቢው ከጠየቀ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «የትኛው ንግግር አሰለቻችሁ?»፣ «ማንን ተጠራጠራችሁ? በየትኛው ቃሉ ላይ?»፣ «ታሪኩን ለባለቤታችሁ ማታ እንዴት ትነግሩታላችሁ?» የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ የቀረው ዝርዝር ሁሉ ችሎት ላይም ይቀራል። የእናንተ ዋና ነጥብ በሦስቱ ውስጥ ከሌለ ንግግራችሁን እንደገና ጻፉት።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን አንብቡ

መጀመሪያ ድምፁን ሳይሆን የተደጋገሙ ቃላትን ቁጠሩ። «ሁለት ሳምንት ለምን ቆየ?» የሚለው በሁለቱም ክፍል ከወጣ የሕክምናው መዘግየት ምክንያት መክፈቻው ላይ መግባት አለበት። የጤና ኢንሹራንስ አልነበረውም? ሥራ ቢቀር የቤት ኪራይ አይከፈልም? በማስረጃ የሚደገፈውን አቅርቡት። ካሳ ብለው የጻፉትን ቁጥር ግን እንደ ትንበያ አትውሰዱት። 12 ሰው የካውንቲውን ሐሳብ አይወክልም። ቁጥሩን ሳይሆን ወደ ቁጥሩ የደረሱበትን መንገድ ያዙ፤ የጠፋ ደመወዝ ደምረው ነው ወይስ ዝም ብለው ጠበቃው የጠራውን ለሁለት ከፍለው?

ማስጠንቀቂያ

ምስክሩን አረጋጉ፣ በግልጽ እንዲናገር አለማምዱ። ፍሬ ነገሩን ግን አትንኩ። ሰዎቹ ያልወደዱትን እውነት ማስቀየር ማሠልጠን ሳይሆን ወንጀል ነው።

«ሴቶቹ አልወደዱንም» ወይም «ጥቁሮቹ ፈረዱልን» ብላችሁ በዚያ መሠረት እውነተኛ የጁሪ አባል እንዳታስወጡ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር ማስወጣትን ከ1986፣ በጾታ ማስወጣትን ከ1994 ጀምሮ ከልክሏል። ከሙከራው የምትወስዱት ሰው የያዘውን አመለካከት የሚያወጡ ጥያቄዎችን ነው።

ፍርድ ቤቱ በምስጢር እንዲያዙ ያዘዛቸው ሰነዶች ካሉ ትእዛዙን ሳታነቡ ለሰዎቹ አታሳዩ።

ጉዳዩ የወንጀል ከሆነ የውሳኔ ቅጹንም መለኪያውንም ቀይሩ። ከ2020 ወዲህ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት በሁሉም ክፍለ ግዛት ሙሉ ድምፅ ያስፈልጋል።

ሰው የሚሳሳትባቸው

በዙም እናድርገው ይላሉ። ርካሽ ነው፣ ይቻላልም። ነገር ግን ሰውየው ወጥ እያማሰለ እንደሚሰማችሁ እወቁ፤ ማስረጃውን ስክሪን ላይ ፎቶ ማንሳቱንም መከልከል አትችሉም። ቀላል ጥያቄ ለመፈተሽ ብቻ ተጠቀሙበት።

ደንበኛውን የውይይቱን ቪዲዮ ያሳዩታል። አታሳዩት። የማያውቃቸው ሰዎች «ያጋንናል» ሲሉት የሰማ ደንበኛ ችሎት ላይ ወይ ይቆጣል ወይ ይኮማተራል። የሚጠቅመውን ጠበቃው በቃሉ ይንገረው።

አንድ ጊዜ አድርገው አሥር ነገር ይቀይራሉ። ሁለት ነገር ቀይሩ፣ ከሳምንት በኋላ በአዲስ ስድስት ሰው ሞክሩ። አሮጌዎቹን መልሳችሁ አትጥሩ፤ ታሪኩን ስለሚያውቁት አሁን የእናንተ ሰዎች ሆነዋል።

ምሳውን ከውይይቱ በፊት ያቀርባሉ። ከውይይቱ በኋላ ይሁን። በምሳ ላይ ስለ ጉዳዩ ማውራታቸው አይቀርም፤ ዋናው ወሬ ካሜራ በሌለበት በሳንድዊች ያልቅባችኋል።